ወረፋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ

ባለፈው ቅዳሜ የወጣቶች ፕሮግራም አልቆ ወንበር እየሰበሰብን ሳለ ከመካከላችሁ አንዱ ወደ ጎን ወሰደኝና ስልኩን አሳየኝ። ማስታወሻው ላይ አሥራ አራት ስሞች ጽፏል። አንዳንዶቹ አክሲዮን እየሸጡ ያሉ፣ ሥራ ግን ገና ያልጀመሩ ድርጅቶች ስሞች ናቸው። ሁለቱ የዘማሪዎች ስም ነው፤ አንደኛው በቅርቡ አልበም ሊያወጣ መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። የቀሩት እንደ ቡና፣ እንጀራና ማር ባሉ ቃላት ላይ የከተማ ስም የተቀጠለባቸው ናቸው። የሁሉም መጨረሻ ዶት ኮም ነው። «ጋሼ፣ እስካሁን ማንም አልያዛቸውም፤ ዱባይ ያለችው እህቴ በካርዷ ልትከፍልልኝ ነው» አለኝ። «አንዱ እንኳ ቢሸጥ የሁሉንም ወጪ ይመልሳል። ኃጢአት አለበት እንዴ?»

«እናስብበት» ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ልንገራችሁና፣ «እናስብበት» ብዙ ጊዜ የምንለው ማሰብ ሳንፈልግ ስንቀር ነው። እኔም ዝም ያልኩት ጥያቄው ረቂቅ ሆኖብኝ ሳይሆን መልሱ የራሴን ገበና ስለሚነካ ነበር። ወደዚያ እመለሳለሁ። አስቀድመን ግን ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ፤ ያልገባንን ነገር ኃጢአት ነው፣ ኃጢአት አይደለም ማለት በእኛ ቤት የተለመደ ድክመት ነውና።

ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ የሚታወቀው በቁጥር ነው። ሰው ደግሞ ቁጥር አይዝም፤ ስም ነው የሚይዘው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ ስምን ከቁጥር ጋር የሚያገናኝ ሥርዓት ቀየሰ። ዛሬ ዶሜይን የምንለው እሱን ነው። የመጀመሪያው ዶት ኮም ስም የተመዘገበው መጋቢት 15 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ሲሆን ስሙም ሲምቦሊክስ ዶት ኮም ይባል ነበር፤ የአንድ ኮምፒውተር አምራች ኩባንያ ነው። እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ ማስመዝገብ በነፃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍያ ተጀመረ፤ መጀመሪያ ለሁለት ዓመት 100 ዶላር፣ አሁን ደግሞ ለዶት ኮም በዓመት ከአሥር እስከ ሃያ ዶላር ገደማ።

ልብ በሉ፤ ስሙ አይገዛም፣ ይከራያል እንጂ። በየዓመቱ ካላደሱት ይለቀቅና ሌላ ሰው ይወስደዋል። ደንቡም አንድ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይወስዳል። መዝጋቢው ድርጅት «አንተ ማን ነህ? ይህን ስም ለምን ፈለግኸው?» ብሎ አይጠይቅም። ታዲያ ነጋዴው የገባው በዚህ በር ነው። ስሙን በአሥር ዶላር ይዞ፣ የሚፈልገው ሰው እስኪመጣ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ያ ወጣት የሰማቸውን ቁጥሮች እኔም አውቃቸዋለሁ። ቢዝነስ ዶት ኮም የተባለው ስም በ1997 እ.ኤ.አ. በ150 ሺህ ዶላር ተሸጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ7.5 ሚሊዮን። በ2019 ቮይስ ዶት ኮም 30 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። እንዲህ ያለ ወሬ እንደ ሎተሪ ማስታወቂያ ነው፤ የደረሰው ሰው ፎቶ ይለጠፋል፣ ያልደረሳቸው ሰዎች ፎቶ አይለጠፍም።

ወደ ጥያቄው ልግባ። ከስሞቹ መካከል የተወሰኑትን ሕጉ ራሱ ይመልሳቸዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ዴኒስ ቶፐን የተባለ አሜሪካዊ የብዙ ታዋቂ ኩባንያዎችን ስም አስመዘገበ። ከነዚህ አንዱ የፊልም ካሜራ የሚሠራው ፓናቪዥን ነበር። ኩባንያው ስሜን ልቀቅልኝ ሲለው 13 ሺህ ዶላር ጠየቀ። የያዘው ገጽ ላይ ደግሞ ምን አስቀምጦ ነበር ብትሉ፣ ፓና የምትባል ትንሽ ከተማ ፎቶዎችን! «የከተማ ፎቶ ማሳየት ክልክል ነው?» ለማለት ነው። ብልጠት ነው፤ ግን ፍርድ ቤቱን አላሳመነም። በ1998 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለኩባንያው ፈረደ። በዓመቱ አሜሪካ እንዲህ ያለውን ድርጊት የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ የዶሜይን ሥርዓቱን በበላይነት የሚያስተባብረው አይካንም የሌላን ሰው የንግድ ምልክት በክፉ ልብ የያዘ ሰው ስሙን የሚነጠቅበትን ደንብ አጸደቀ። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅትም በዚህ ደንብ መሠረት እስከ ዛሬ ክርክሮችን ያስተናግዳል።

እንግዲህ የታወቀ ድርጅት ስም ይዞ ለባለቤቱ ለመሸጥ መጠበቅ፣ ኃጢአቱ ይቆየንና፣ አያዋጣም። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው የንግድ ምልክት ያለውንና ጠበቃ የሚቀጥረውን ነው። የሰፈራችን ዳቦ ቤት ጠበቃ የለውም። ያ ዘማሪም ያለው አይመስለኝም።

አንድ የካናዳ ልጅ ታሪክ ላጫውታችሁ፤ ዕድሜው የእናንተ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የ17 ዓመት ተማሪ የነበረው ማይክ ሮው ለድረ ገጽ ሥራው ስም ሲፈልግ የራሱን ስም ወስዶ «ሶፍት» የሚል ጨመረበትና ማይክሮውሶፍት ዶት ኮም ብሎ አስመዘገበ። ቶሎ ብላችሁ አንብቡት። ማይክሮሶፍት ጠበቆች ላከበት፤ ስሙን እንዲለቅ አሥር ዶላር፣ ማለትም የመዝገቡን ወጪ፣ እንክፈልህ አሉት። ልጁ ተናደደና አሥር ሺህ ጠየቀ። ይህች አሥር ሺህ ናት ጉድ ያፈላችው፤ ጠበቆቹ «ይኸው፣ ከመጀመሪያውም ሊሸጥልን ነው የያዘው» ለማለት ተጠቀሙባት። ሕዝቡ ለልጁ አዘነ፣ ኩባንያውም አፈረ፤ በኋላ በስምምነት ስሙን ለቀቀ፣ እነሱም የመጫወቻ ማሽንና ሌላ ሌላም ሰጡት። እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ስሙ በእርግጥ የራሱ መሆኑ ነው። እናቱና አባቱ ያወጡለት ስም ነው። ሆኖም ዋጋ የጠራበት ቀን በእጁ ያለው ነገር ሌላ ነገር ሆነ።

ሌላው ታሪክ የበለጠ ያስቀኛል። በ2005 እ.ኤ.አ. ሮጀርስ ካደንሄድ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር መጻሕፍት ጸሐፊ አዲሱ የካቶሊክ ጳጳስ ምን ዓይነት ስም ይመርጡ ይሆን ብሎ ገመተና የተወሰኑ ስሞችን አስመዘገበ። ሚያዝያ 19 ካርዲናል ራትዚንገር ተመርጠው ቤኔዲክት 16ኛ ተባሉ። የሰውዬው ግምት ሠራ! ስሙ እጁ ላይ ነው። ዓለም ሁሉ «ስንት ይጠይቅ ይሆን?» ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን ካቶሊኮችን፣ በተለይም አያቱን፣ ማስቀየም እንደማይፈልግ ተናግሮ፣ በቀልድ የጳጳሱን ቆብና ቫቲካን ውስጥ ጥቂት ቀን ማረፊያ ጠየቀ። ለገንዘብ አልሸጠውም። አያት ትልቅ ነገር ናት።

ሁለቱም የሌላ ሰው ስም የሚሆነውን ነገር ያዙ። አንዱ ሳያስበው ያዘ፣ ሌላው አስቦ ያዘ፤ አስቦ የያዘው ነው ንጹሕ ሆኖ የወጣው። ስለዚህ ነገሩ «ቀድሞ መያዝ» ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አይመስለኝም።

እስቲ ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ስኳርና ዘይት ሲጠፋ የሸማቾች ሱቅ በር ላይ ምን እንደምናይ ታውቃላችሁ። ሰው ገና በሌሊት ይመጣና ድንጋይ፣ ቅርጫት ወይም ጀሪካን ያስቀምጣል። ጀሪካኗን ትታ ሕፃኗን ልታጠባ የሄደችን እናት ማንም አይናገራትም፤ ድንጋዩ የሰው ምትክ ነው፣ ከኋላው አንዲት እናት አለች። ነገር ግን አንድ ጎረምሳ አምስት ድንጋይ ደርድሮ ስኳሩ ሲመጣ ቦታዎቹን በሃምሳ ሃምሳ ብር ቢሸጥስ? ስኳር አላመጣም። ሱቁንም አላሰፋም። ያለ እሱ ድንጋዮች ገዢዎቹ በነፃ የሚቆሙበትን ቦታ ነው የሸጠላቸው። «ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቻለሁ፣ በርዶኛል» ይላል። እውነቱን ነው፣ በርዶታል። ግን ሌባም ይበርደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ «ዮሴፍስ?» ሳይለኝ አይቀርም። ባለፈው ጊዜ ስለ ገንዘብ ስንማር ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ዮሴፍ በጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቶ በራብ ዓመታት አልሸጠም ወይ? ሸጧል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ ዮሴፍ ባያከማች ኖሮ ያ እህል ተበልቶ ወይም ነቅዞ ያልቅ ነበር። በራቡ ዘመን እህል የተገኘው እሱ ስላስቀመጠ ነው። ስም ግን አይነቅዝም። እኔ ባልይዘው ኖሮ ስሙ ባለቤቱን እየጠበቀ ክፍት ሆኖ ይቆይ ነበር። እኔ ያስቀመጥኩለት ነገር የለም፤ ያስቀመጥኩበት እንጂ። (በነገራችን ላይ የዮሴፍ ታሪክ መጨረሻ፣ ሕዝቡ መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን የሸጠበት ምዕራፍ፣ ለእኔ ቀላል ሆኖልኝ አያውቅም። እሱን ሌላ ጊዜ።)

ኮሌጅ ሳለሁ የተማርኩት አንድ ሐሳብ እዚህ ይጠቅመናል። ጆን ሎክ የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ሰው የማንም ያልሆነን ነገር እንዴት የራሱ ሊያደርግ ይችላል ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሱ፣ ድካሙን ቢጨምርበት የእሱ ይሆናል፤ ነገር ግን ለሌሎችም በቂና ያንኑ ያህል መልካም ነገር ከቀረላቸው ነው የሚል ነበር። ከወንዝ ውኃ ብትቀዱ ለእኔም ይተርፈኛል። ስም ላይ ግን ይህ በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንድ ሰው «ማር» ከሚል ቃልና ከአንድ ከተማ ስም የተሠራ አድራሻ ቢይዝ፣ ሌላው ማር ነጋዴ «ወለላ» ብሎ፣ «ቀፎ» ብሎ፣ የአያቱን ስም ብሎ ይቀጥላል፤ ቅር ይለው ይሆናል እንጂ አይቆምም። የዘማሪውን ስም ብትይዙበት ግን ለእሱ ያንኑ ያህል መልካም የሆነ ሌላ ስም ከየት ይመጣል? ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። ሌላ መልአክ ይላክለት?

ስለ ተራ ቃላቱ ፍርዴ እስካሁን አልረጋም። በአንድ በኩል ጥሩ ስም አስቦ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ ማንም ያላሰበውን ስም ከአእምሮው ያወጣ ሰው ቢሸጠው ነውር አይታየኝም። በዚያ ላይ በየዓመቱ እየከፈለ የኪሳራውን አደጋ የሚሸከመው ራሱ ነው። በሌላ በኩል ሺህ ስም አጥሮ የተቀመጠን ሰው ሳስብ፣ በቆርቆሮ ታጥሮ አረም የበቀለበት የከተማ ቦታ ትዝ ይለኛል። ደግሞም ነገሩ ርካሽ ሲሆን ነው የሚብሰው። በአንድ ወቅት አዲስ ስም ያስመዘገበ ሰው በአምስት ቀን ውስጥ ከመለሰው ክፍያው ይቀርለት ነበር። ነጋዴዎች ይህን አይተው እጅግ ብዙ ስሞችን በነፃ እየያዙ፣ ማስታወቂያ ያመጣ እንደሆነ ቀምሰው ይመልሱ ጀመር። አይካን ለሚመለሰው ብዛት ክፍያ ሲጥልበት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ይፋ እንዳደረገው ድርጊቱ በ99.7 ከመቶ ቀነሰ። ጥቂት ሳንቲም ሲጠየቅበት የጠፋ ነገር ከመጀመሪያውም ማንም ከልቡ አልፈለገውም ማለት ነው።

የመከራ ወሬ ሲሰማ ስም ለመያዝ የሚሮጠውን ግን አልጠራጠርም። በ2020 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ ኮሮና የሚል ቃል ያለባቸው ስሞች በሺዎች ተመዘገቡ። አንዳንዶቹ በቀና ልብ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ለማጭበርበሪያ ይውሉ ስለነበር የኒው ዮርክ ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ ለመዝጋቢ ድርጅቶች አቁሙልን የሚል ደብዳቤ ጻፉ።

አሁን የራሴን ልናገር።

በ2005 ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ እየከፈለልኝ አሥራ አንድ ስም አስመዘገብኩ። በአሥር ዶላር ሒሳብ 110 ዶላር፤ በጊዜው ምንዛሬ ወደ ሁለት ሺህ ብር። አሥሩ አንድም ጠያቂ ሳይመጣባቸው በዓመቱ ወደቁ። የሸጥኩት አንዱን ብቻ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ለረጅም ዓመታት መምህርት የነበሩ አንድ እናት ከጡረታ በኋላ መዋዕለ ሕፃናት ከፍተው ነበር። አንድ ቀን ቡና ጠሩኝ፤ «ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጅ» ስለምባል። ውጭ አገር ሆነው ለእህቶቻቸው ልጆች የሚከፍሉ ሰዎች ትምህርት ቤቱን ኢንተርኔት ላይ ማየት እንፈልጋለን እያሏቸው ነው። «እንዴት ነው የሚደረገው ልጄ?» አሉኝ። ስለ ስም፣ ስለ ምዝገባ አስረዳኋቸው። ማታ ገብቼ አየሁት፤ የትምህርት ቤቱ ስም ክፍት ነው። በራሴ ስም አስመዘገብኩት። ብታምኑኝም ባታምኑኝም ያን ማታ የያዝኩት ለእሳቸው ነበር፤ ማንም እንዳይቀድማቸው ብዬ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰው ልቡ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እግዚአብሔር ይወቀው። «ለፍቼበታለሁ» ማለት ጀመርኩ። ከዚያ «ዶላር ወጥቶበታል» አልኩ። ከዚያ «ሌላ ሰው ቢሆን አሥር ሺህ ይጠይቃቸው ነበር» አልኩ። በመጨረሻ ሄጄ ስሙ በእጄ እንዳለና አራት ሺህ ብር እንደሚያወጣ ነገርኳቸው። አልዋሸሁም፤ አንድም ቃል ውሸት የለበትም። በሁለት ጊዜ ከፈሉኝና «ተባረክ ልጄ» አሉኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ዋጋውን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የእኔ ድካም ሩብ ሰዓትና አሥር ዶላር ነበር። ያወጣሁትን ብርና ጥቂት የድካም ዋጋ ብጠይቅ ደስ ብሏቸው ይከፍሉኝ ነበር። ታዲያ አራት ሺህ ከየት መጣ? ስሙ ከበሩ በላይ ተቀብቷል። የልጆቹ ሽርጥ ላይ ተጠልፏል። እናቶች ልጃቸውን የት እንዳስገቡ ሲጠየቁ የሚጠሩት እሱን ነው። ይህን ሁሉ የሠሩት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ደግሞ ያስከፈልኳቸው ለዚህ ነው። የራሳቸውን ድካም መልሼ ሸጥኩላቸው።

አንድ ማመካኛ ነበረኝ፤ እናንተም እንደምታውቁት እርግጠኛ ነኝ። «እኔ ባልይዘው ሌላ ሰው ይይዘው ነበር» የሚል ነው። ማነው ሌላው ሰው? ያን ስም ኢንተርኔት ላይ እንደሚፈልጉት በዓለም ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። ያወቅሁትም ራሳቸው ቡና አፍልተው ስለነገሩኝ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤት ለልጆች ስለ ዘኬዎስ እንዳስተምር ተመደብኩ። ትምህርቱን ሳዘጋጅ «አራት እጥፍ» የሚለው ላይ ስደርስ ደብተሩን ዘጋሁ። አሥራ ስድስት ሺህ ብር አልነበረኝም። አራት ሺህ ግን ነበረኝ፤ በፖስታ አድርጌ ሄድኩ። እጅግ አርጅተው አገኘኋቸው። ነገሩን ሁሉ ስነግራቸው ጸጥ ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ አንተ ባትይዘው ሌላ ይይዘው ነበር» አሉኝ። ያንኑ ቃል! ከእኔ አፍ የሰሙት አልነበረም። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩና መሳቢያው ውስጥ፣ ከስም መጥሪያው ደብተር ሥር አስቀመጡት። እስከ ዛሬ ምሕረት እንደሆነ ወይስ ደግነት ብቻ፣ አልገባኝም።

ረቡዕ ዕለት ያን ወጣት ጠራሁትና ይህንኑ ነገርኩት። ከዚያ ዝርዝሩን አንድ ባንድ አየነው። የድርጅቶቹን ስም ራሱ ሰረዘ። የቡናውንና የማሩን አከራክሮናል፤ ከእነሱ ሁለቱን ይዞ አክስቱ የምትሸጠውን ማር ሊያስተዋውቅባቸው አስቧል። የዘማሪው ስም ጋ ስንደርስ «ጋሼ፣ ይዤ በነፃ ብሰጠውስ?» አለኝ። ሁለቱ ሳምንት ትዝ አለኝና «አይ፣ ራሱ እንዲይዘው ንገረው» አልኩት። የዘማሪውን ስልክ እያፈላለግን ነው።